ዳር የሚቀሩት

ሰው «ጡረታ ወጣህ ወይ?» ሲለኝ ለማሳጠር ብዬ «አዎ» እላለሁ። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ እኔ ከሥራ አልወጣሁም፤ ሥራው ነው ጥሎኝ የጠፋው። የኮሮናው ሎክዳውን ሲታወጅ የመጥለቂያ ትምህርት ቤታችን ለጥቂት ሳምንት ተብሎ ተዘጋ። ከዚያ የአየር መሙያው ማሽን ተሸጠ፣ ከዚያ ገንዳው ደረቀ። አሁን ቦታው ላይ ጎማ ይጠግኑበታል።

ሀገር ቤት ያሉ ዘመዶቼ ምን እሠራ እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባቸውም። ሆሳዕና ያለው ታላቅ ወንድሜ በደወለ ቁጥር «አሁንም ሰው ውሃ ውስጥ ትከታለህ?» ይለኛል። አስገብቼ አወጣለሁ እንጂ ስለው «ዋናው ማውጣቱ ነው» ብሎ ይስቃል። ጆሃንስበርግ ደግሞ ባሕር የላትም። ባሕሩ በመኪና ሙሉ ቀን የሚያስኬድ ነው። ግን ባሕር የሚናፍቀው የሌለው ሰው ስለሆነ መጥለቅ የሚማር ጠፍቶብን አያውቅም። በገንዳ ይጀምራሉ፣ ውሃ የሞላው አሮጌ የድንጋይ ካባ ውስጥ ይለማመዳሉ፣ ከዚያ ወደ ባሕሩ ይዘናቸው እንወርዳለን።

እኔ ወደዚህ ሥራ የገባሁት በአልጋ ልብስ ነው። አዲስ መጥቼ ጆሃንስበርግ አጠገብ ባለችው ጀርሚስተን ውስጥ የአልጋ ልብስ በትከሻዬ ተሸክሜ በየበሩ እሸጥ ነበር። አንድ ቀን ያንኳኳሁት በር የኦም ፒት ሆነ። ኦም በአፍሪካንስ ቋንቋቸው አጎት ማለት ነው፤ ትልቅ ሰው ሁሉ ኦም ይባላል። ፀሐይ ያቃጠላቸው፣ ቀይ፣ ወፍራም ሽማግሌ ናቸው። የአልጋ ልብሱን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና ትተውት ትከሻዬን አዩ። ባኪ ከሚሏት ፒክአፕ መኪናቸው ላይ የብረት የአየር ሲሊንደሮች እንዳወርድላቸው ጠየቁኝ። አወረድኩ። በማግስቱም ና አሉኝ። እንደዚያ እየሄድኩ ሃያ ምናምን ዓመት ሄድኩ።

መጀመሪያ የመጥለቂያ ልብስ አጠብኩ፣ ሲሊንደር ሞላሁ። ቀጥሎ መተንፈሻውን ፈትቼ መግጠም ለመድኩ፣ ቀጥሎ አስተማሪ ሆንኩ። ደሳለኝ የሚለው ስሜ ስለከበዳቸው «ዴዝ» ብለው ቆረጡት። ደመወዙ ከአልጋ ልብሱ ይሻል ነበር፤ ፔፐሬን፣ የጥገኝነት ወረቀቴን፣ ለማሳደስ ስሰለፍም ቀኑን አይቆርጡብኝም። ስለዚያ ይሄ ይበቃል።

ኦም ፒት እያንዳንዱን ሲሊንደር ከመሸከማቸው በፊት ከፍተው ያሸቱ ነበር። አየር ሽታ የለውም፤ ሽታ ካለው አየር አይደለም፣ የማሽን ዘይት ገብቶበታል ይላሉ። ሲሞላም ችኩል አይወዱም። በችኮላ የተሞላ ሲሊንደር ይግላል፤ ሲቀዘቅዝ የሞላው ጎድሎ ይገኛል። ከታች ስንወጣ ደግሞ ከትንሿ አረፋ እንዳልቀድም እጄን ይይዙኝ ነበር። ቶሎ የወጣ ሰው ደሙ ውስጥ አየር ይፈላበታል። ይሄን ሁሉ ማንም አስተማሪ ያውቀዋል። ኦም ፒትን ከሌላው የለያቸው ለማይጠልቁት ሰዎች የሚያደርጉት ነገር ነው።

ትምህርት ቤቱ በየሁለት ዓመቱ ጠላቂዎችን ወደ ካሪቢያን፣ ቦኔር ወደምትባል ደሴት ይወስድ ነበር። አብዛኞቹ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱ ይጠልቃል፣ ሌላው አይጠልቅም። የማይጠልቀውን ሌሎች ትምህርት ቤቶች እንደ ሻንጣ ነው የሚያዩት፤ ወንበር ዘርግተው፣ ጃንጥላ ተክለው ይሄዳሉ። ኦም ፒት ግን ገና የገባን ዕለት ጠላቂዎቹን ያባርሩና ዳር ለሚቀሩት ብቻ ሻይ ያፈላሉ። ነገ የት እንደምንወርድ፣ በየትኛው በኩል እንደምንወጣ ያሳዩአቸዋል። እስከዚህ ሰዓት ድረስ አትጨነቁ፤ ከዚያ ካለፈ ጭንቀቱ የእናንተ ሳይሆን የእኔ ነው፣ በእግሬ መጥቼ የምነግራችሁም እኔ ነኝ ይሏቸዋል። በመጨረሻ እያንዳንዱን ለብቻው ጠርተው አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። ክፉ ነገር ቢመጣ እንዴት እንዲነገርህ ትፈልጋለህ?

መጀመሪያ ስሰማው ፀጉሬ ቆመ። ምን ዓይነት ሟርት ነው! ለሽርሽር የመጣን ሰው፣ ገና ሻንጣውን ሳይፈታ፣ ባልሽ ቢሞት እንዴት ልንገርሽ ይባላል? ለኦም ፒት ነገርኳቸው። እሳቸው አልተቆጡም። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ጆሮ የለውም አሉኝ። አንዷ ወዲያው ይነገረኝ፣ ማንም አይንካኝ ትላለች፤ ሌላው መጀመሪያ ለወንድሜ ንገሩት ይላል። የሁሉንም በቃላቸው ይይዙ ነበር።

ኦም ፒት አርጅተው ወደ ባሕር ዳርቻ ሄዱ፣ እዚያው አረፉ። የመሪነቱ ሥራ ለእኔ ወረደ። ልማዳቸውን ሁሉ ያዝኩ፤ አሸታለሁ፣ ቀስ ብዬ እሞላለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ። ያችን ጥያቄ ብቻ አፌ እምቢ አለኝ። በመጀመሪያው ጉዞዬ አንዲት ሴትዮን ለብቻዋ ጠርቼ ጥያቄውን ልጠይቅ አፌን ከፈትኩና «ስኳር ይጨመርልሽ?» አልኳት። ከዚያ በኋላ ሞክሬም አላውቅ። ብዙ ጊዜ ሄድን መጣን፣ ማንም ምንም አልሆነም። ምንም ሳይሆን ሲቀር ደግሞ ሰው ልክ የሆነ ይመስለዋል።

የመጨረሻው ጉዞ በሽታው ገና የሩቅ አገር ወሬ የነበረበት ጊዜ ነው። ኦም ፒትን የተካው ወጣት ባለቤት፣ ደስ እንዲለኝ ብሎ ነው መሰለኝ፣ ባለቤቴንም ይዤ እንድሄድ ፈቀደልኝ። ታደለች ጆሃንስበርግ ዳር፣ ዛንድስፕሩት ውስጥ ስፓዛ ነበራት፤ ዳቦ፣ ዘይት፣ የስልክ ካርድ የምትሸጥባት የቆርቆሮ ሱቅ። ከእሁድ አምልኮ በቀር ዘግታት አታውቅም። ስሠራም አይታኝ አታውቅም ነበር። ልጃችን ጸጋ ከኬፕታውን ደውላ «እማዬ፣ ጎ! ኢንጆይ!» ብላ ባትጨቀጭቃት አትሄድም ነበር።

ስድስት ሰው ይዘን ሄድን፤ ሁለት ወንድማማቾች ከነሚስቶቻቸው፣ ጄራልድ የሚባል የጥርስ ሐኪምና ሚስቱ ማርሊን። ወንዶቹ ይጠልቃሉ፣ ሴቶቹ ዳር ይቀራሉ። ታዴ እንግሊዝኛ እስከዚህም ናት፤ ዙሉውን ግን ከደንበኞቿ ለምዳ እንደ ውሃ ትጠጣዋለች። ማርሊን ደግሞ ነጭ ብትሆንም እርሻ ላይ ያደገች ናት፣ ዙሉ ታውቃለች። በዙሉ ሰላምታ «ሳውቦና» ተባብለው በዚያው ተጣበቁ። ደሴቲቱ ላይ ባለቤት የሌለው አህያ በየመንገዱ ይዞራል። ታዴ ይሄን ሁሉ ባሕር አቋርጬ አህያ ላይ ነው እንዴ የመጣሁት ስትል ማርሊን እስክታነባ ትስቃለች። ከዚያ ሁለቱም በየጠዋቱ ካሮት ገዝተው አህያ ሊያበሉ ይሄዳሉ።

የመጀመሪያው ቀን ከውሃ ስወጣ ታዴ ዳር ላይ ጫማዋን አውልቃ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገብታ ቆማለች። ሌሎቹ ወንበር ላይ ናቸው። ለምን እንዳልተቀመጠች ጠየቅኳት።

«እንዴት ልቀመጥ? አንተ ታች ትተነፍሳለህ፣ እኔ እዚህ ትንፋሼን ይዤ» አለችኝ።

የመጥለቅ የመጀመሪያው ሕግ ትንፋሽ አለመያዝ ነው። ለስንት መቶ ሰው አስተምሬዋለሁ። ትንፋሽ የሚይዘው ዳር የቀረው እንደሆነ ያን ቀን ከሚስቴ ሰማሁ። አፈርኩ፤ ኦም ፒት ሻይ የሚያፈሉላቸው ለምን እንደነበረ ሁሉ ያኔ ገባኝ ማለት እችላለሁ።

ከጉዞው አጋማሽ በኋላ ከጄራልድ ጋር ጠልቄ አብረን ቀስ ብለን ወጣን። ጀልባዋ ላይ ተቀምጦ መነጽሩን አወለቀ። ያየነው ኤሊ ትልቅ እንደነበረ ተናገረ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ ወደ ጎን ዘንበል አለ። ኦክስጅን ሰጠሁት፣ ደረቱን ተጫንኩ፣ ወንድማማቾቹ እየተቀያየሩ አገዙኝ፣ ጀልባዋ በረረች። ሆስፒታል ስንደርስ አልቆ ነበር። ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ፤ ቤቱ ሶፋ ላይ ቢሆንም የማይቀር ነበር። በዚህ ማንም አልወቀሰኝም።

ከሆስፒታሉ ወደ ሆቴሉ በእግሬ ሄድኩ። ኦም ፒት ያሉት እንደዚያ ነው፤ መሪው ራሱ፣ በእግሩ፣ ወዲያው። እስከ በሩ ድረስ ልነግራት ቆርጬ ነበር። ማርሊንና ታዴ ከአህዮቹ ተመልሰው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። አንዷ አህያ የማርሊንን ባርኔጣ ነክሳ ኖሮ፣ ማርሊን የተበላውን ጠርዝ ለእኔ እያሳየች ትስቃለች። እኔም ወደ ታዴ ዞሬ በአማርኛ «ጄራልድ ሞቷል» አልኩ።

ማርሊን ፈገግ እንዳለች ምን እንዳልኩ ጠየቀች። ታዴ ፊቷ አልተለወጠም። «ርቦኛል» እያለ ነው ብላ በዙሉ መለሰችላት።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም። መርዶ በቀን፣ በመንገድ፣ ባዶ ሆዷን ላለች ሴት፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ አይነገርም። በልታ፣ ተኝታ፣ ማለዳ፣ የሚይዛት ሰው በግራ በቀኝ ቆሞ ነው። ስለዚህ ጄራልድ ትንሽ ደክሞታል፣ ሐኪሞቹ ለዛሬ አስተኝተውታል፣ ጠያቂ የሚገባው ነገ ነው አልኳት። ወንድማማቾቹ ይሄ ልክ አይደለም ብለው ተከራከሩኝ፤ መሪው እኔ ነኝ ብዬ ዝም አሰኘኋቸው። ታዴ የሆቴሉ ወጥ ቤት ገብታ ሾርባ ሠራች፣ አጠገቧ ሆና አበላቻት፣ አብራት አደረች። እኔ ጆሃንስበርግ ያለችውን የማርሊንን እህት ፈልጌ አገኘሁ። ሲነጋጋ ሁላችንም ክፍሏ ገባን፣ እህቷ ስልክ ላይ ሆነች፣ ነገርኳት።

ትጮኻለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። መጀመሪያ የጠየቀችው መቼ እንደሞተ ነው። ትናንት፣ ከምሳ በፊት አልኳት። ታዴን አየቻት፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ባሌ ብቻውን አደረ» አለች። «እኔን አብልታችሁ አስተኛችሁኝ። እሱ እዚያ ብቻውን ተጋድሞ እኔ ሾርባ እበላ ነበር። ያን ሌሊት ማን ይመልስልኛል?»

ታዴ ልታቅፋት ተነሣች፤ ማርሊን እጇን ዘርግታ አቆመቻት። ወዲያው ይነገረኝ፣ ማንም አይንካኝ የምትለው ዓይነት ሴት ነበረች። መጀመሪያ ቀን ብጠይቃት ይሄንኑ ትነግረኝ ነበር።

ስንመለስ ባለቤቱ የመሪነቱን ሥራ ወሰደብኝ። በአልጋ ልብስ የመጣሁ ሰው ነኝና ሲሊንደር ወደ መሙላቱ ተመለስኩ። ብዙም አልቆየሁበት፤ ሎክዳውኑ መጣና ሁላችንንም እኩል አደረገን።

ቤት ተቀምጠን እኔና ታዴ ስንከራከር ከረምን። እሷ ምን በደልናት፣ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ሰጠናት ትላለች። እኔ ደግሞ እንቅልፉ የእኛ ነበር እንዴ፣ እኛ የምንሰጠው እላለሁ። በማግስቱ ተገላብጠን እኔ የእሷን፣ እሷ የእኔን እንይዛለን። ታዴ ማርሊንን እንደወደደቻት ነበረች። ሱቅ ውስጥ አንዲት ነጭ ሴት በዙሉ ስታወራ በሰማች ቁጥር አንገቷን አውጥታ ታይ ነበር። አንድ ጊዜም ማርሊን አልሆነችላትም።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት፣ በሽታው ጆሃንስበርግን እንደገና ሲያጥለቀልቅ፣ ታዴን ያዛት። ስፓዛዋን በማስክና በፕላስቲክ መጋረጃ ከፍታ ስትሸጥ ነበር፤ ሰፈሩ ዳቦ ከየት ያምጣ ትላለች። ሳሏ ሲጠና አምቡላንስ ወሰዳት። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። አብሬ መሳፈር አይፈቀድም፣ ሆስፒታልም መግባት አይፈቀድም። እኔም ትንሽ ያስለኝ ስለነበር ከቤት እንዳትወጣ ተባልኩ። ጸጋን እንግሊዝኛው ስለሚቀላት ታዴ ስትገባ ያስመዘገበችው የእሷን ስልክ ነው። ሆስፒታሉ ለጸጋ ይደውላል፣ ጸጋ ለእኔ ትደውላለች። ጸጋንም ኬፕታውን ላይ በሽታው ቀለል አድርጎ ይዟት ብቻዋን ክፍሏ ውስጥ ነበረች።

ዳር መቅረት ምን እንደሆነ ያኔ አየሁት። ታዴ ኦክስጅን ላይ ናት፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሲሊንደር የሞላሁ ሰው፣ ያንን ሲሊንደር ማን እንደሞላው፣ ማን እንዳሸተተው እንኳ አላውቅም። እስከዚህ ሰዓት አትጨነቅ የሚለኝ ሰው የለም። ያገራችን ሰው ደግ ነው፤ ምግብ በር ላይ አስቀምጦ፣ ከደረጃው ሥር «ጋሽ ደሳለኝ፣ አይዞህ!» ብሎ ይሄዳል። በሩን ስከፍት ሰሃኑ ብቻ አለ። እንደዚያ ብቸኛ ሆኜ አላውቅም። ባሕር ሥር እንኳ አጠገብህ ሰው ይኖራል፤ ሕጉ ነው፣ ብቻህን አትወርድም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጸጋ ደወለችና «አባዬ፣ እማዬ ዛሬ አርፋለች። ህመሙ ለቀቅ አድርጓታል። አንተ ብላ፣ ተኛ እሺ?» አለችኝ። ጌታ ይመስገን ብዬ ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ። ከስንት ቀን በኋላ ማካሮኒ ቀቅዬ ጠግቤ በላሁ። ስትመለስ ትለብሰዋለች ብዬ ሹራቧን አጥቤ በረንዳው ላይ አሰጣሁ። ሆሳዕና ደውዬ ለወንድሜ ተሽሏታል አልኩት፤ እሱም እልል አለ። ማታ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ሊነጋጋ ሲል ስልኩ ጠራ። ጸጋ ናት።

«አባዬ፣ ቁጭ ብለሃል?»

ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ በእኔ ጉሮሮ ወጥቶ ያውቃል። አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። «መቼ ነው?» አልኳት።

«ትናንት ጠዋት» አለች።

ከዚያ ቶሎ ቶሎ ማስረዳት ጀመረች። ጀርሚስተን ላለው ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ደውላ ነበር፤ እሱ ራሱ ታሞ ተኝቷል። ለጎረቤት ደወለች፤ ጎረቤት ፈራ። ቤሪያ የሚባለው የከተማው ሰፈር ያሉትን ያገር ልጆች አንድ በአንድ ጠየቀች፤ ገሚሱ ታሟል፣ ገሚሱ አስታሚ ነው። ሲመሽ ሲነጋ አንድ በሬን የሚያንኳኳ፣ አጠገቤ የሚቆም ሰው ስትፈልግ አድራ አጣች። «በስልክ፣ ብቻህን ሆነህ፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ?» አለችኝ። ጆሃንስበርግ የተወለደች፣ አማርኛዋን ግማሹን በእንግሊዝኛ የምትጨርስ ልጅ ናት። ይሄን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም።

ንዴቱ ከእግሬ ተነሥቶ ወጣ። ታዴ እዚያ ብቻዋን ተጋድማ እኔ ማካሮኒ እበላ ነበር። ለሰው ተሽሏታል ብዬ አወራሁ፤ ሰው እልል አስባልኩ። ያን ቀን ማን ይመልስልኛል? የማርሊን ቃል እንዳለ ምላሴ ላይ መጣ፤ ልናገረው አፌን ከፈትኩ። በዚያ በኩል ጸጋ ትተነፍሳለች ብዬ ብጠብቅ ትንፋሿ አይሰማም፤ እንደ እናቷ ዳር ቆማ ትንፋሿን ይዛለች።

«አንቺስ?» አልኳት። «ትናንት ከማን ጋር አለቀስሽ?»

«ድምፄ እንዳያስታውቅብኝ ብዬ እስካሁን አላለቀስኩም፣ አባዬ» አለችኝ።

«በይ እንግዲህ አሁን አልቅሺ፣ ልጄ» አልኳት።